ስም መጨረሻ ሲመጣ፦ ስማዊ ሐረግ መገንባትንና ዓረፍተ ነገር ማስፋፋትን በአማርኛ ክፍል ማስተማር

«ጀበናው ጥቁር ነው። ጀበናው ትልቅ ነው። ጀበናው የሸክላ ነው። አፉ ተሸርፏል። አያቴ ቡና ታፈላበታለች።»

ቤታችሁ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ ግለጹ በተባለበት የሰባተኛ ክፍል የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ ያስረከበኝ ይህን ነበር። የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ሆሄያቱ ልክ ናቸው፤ አራት ነጥቡም ቦታ ቦታውን ይዟል። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ የማርመው አጣሁ። ሲነበብ ግን የንብረት ቆጠራ እንጂ ገለጻ አይመስልም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል፣ አንድ ነገር ይናገራል፣ ይዘጋል።

ያው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት። «አያቴ ያንን አፉ የተሸረፈውን ጀበና ማንም እንዲነካባት አትፈልግም» አለ። በአምስት ዓረፍተ ነገር ያልሣለውን በአንድ ትንፋሽ ሣለው። አፉ ላይ ያለው ሐረግ ወደ እጁ አልወረደም ማለት ነው። በአማርኛ ክፍሎቻችን ስለ ገለጻ ድርሰት ስናወራ «ተማሪው ቃላት ያጥረዋል» የሚል ምክንያት ቶሎ እንሰጣለን። እኔ ግን ችግሩ በአብዛኛው የቃላት እጥረት ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ ያለው ገላጭ ቃላትን በስሙ ፊት አስተካክሎ በመደርደር፣ ድርድሩ በረዘመ ቁጥርም እንደ «ው»፣ «ን»፣ «ከ» እና «በ» ያሉትን ምልክቶች ከትክክለኛ ቦታቸው በማሳረፍ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ሊለማመዱት የሚገባ ሙያ ሆኖ ሳለ፣ እኛ እንደ ትርጓሜ እናስጠናዋለን።

መለየትና መሥራት

በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በሰዋስው ትምህርታችን ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ቀደም ሲል በልማድ ስምንት ተብለው ይቆጠሩ የነበሩትን የንግግር ክፍሎች ትቶ ቃላትን በስም፣ በግስ፣ በቅጽል፣ በተውሳከ ግስና በመስተዋድድ መደባቸው፤ ሐረጎችንም በመሪ ቃላቸው ዓይነት ለያቸው። የመማሪያ መጻሕፍትም ይህንን አካሄድ ወሰዱ። ዛሬ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ትልቁ ጥቁር ጀበና» የሚለውን ብታሳዩት፣ መሪው «ጀበና» ስለሆነ ስማዊ ሐረግ ነው ብሎ ያለ ችግር ይመልሳል።

መልሱ ትክክል ነው፤ የሚያሳስበኝ ትምህርቱ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ፈተናዎቻችን ባመዛኙ ምርጫ ናቸው፤ ምርጫ ደግሞ ተማሪው የተሠራውን እንዲለይ እንጂ ያልተሠራውን እንዲሠራ አይጠይቀውም። ስለዚህ መምህሩ ለሚፈተነው ነገር ጊዜውን ይሰጣል። ጥፋቱ የሰዋስው መጽሐፉ አይደለም፤ የቋንቋን ባሕርይ ለመተንተን የተጻፈን መጽሐፍ እንደ ጽሕፈት ማስተማሪያ የተጠቀምንበት እኛ ነን።

ከውጭ የመጣው ማስረጃ እስከ ምን ይረዳናል?

በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ትምህርት ላይ ለረጅም ዓመታት የተከማቸ ጥናት አለ። አሜሪካዊው ኬሎግ ሃንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት የአራተኛ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጽሑፍ፣ አንድን ነጻ ሐረግ ከነጥገኞቹ አንድ አሐድ አድርጎ በመቁጠር አነጻጸረ። የአሐዱ አማካይ ርዝመት ከ8.6 ወደ 11.5፣ ከዚያም ወደ 14.4 ቃላት አደገ። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ለእድገቱ ከፍተኛ ድርሻ ያለው በስሞች ዙሪያ የሚጨመረው ገላጭ መሆኑ ነው። ፍራንክ ኦሄር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እያጣመሩ እንዲለማመዱ አደረገ፤ የሰዋስው ስያሜዎችን አላስተማራቸውም። እንዲያም ሆኖ ጽሕፈታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን እ.ኤ.አ. በ2007 ከአራተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተካሄዱ ሙከራዎችን አጠቃለው ሲመዝኑ፣ ዓረፍተ ነገር ማጣመር 0.50 የሆነ አዎንታዊ ውጤት ሲያሳይ፣ ሰዋስውን ለብቻው ነጥሎ ማስተማር ግን ወደ አሉታዊ 0.32 ወርዶ ተገኝቷል።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ልጆች ሐረግን በመሥራት እንጂ ስሙን በመጥራት አይማሩትም። የቀረውን ግን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የሃንት መለኪያ ለአማርኛ አይሆንም። «ያልተቀመጡባቸውን» የሚለውን አንድ ቃል እንውሰድ፤ አሉታ አለ፣ ባለቤት አለ፣ የመስተዋድድ ፋና አለ፣ ብዙ ቁጥር አለ፣ ተሳቢነት አለ፣ ጥገኝነትም አለ። ይህን ቃል የጻፈ ልጅ በቃላት ቆጠራ አንድ ነጥብ ብቻ ያገኛል።

ከመለኪያው ይልቅ የሚከብደው የአቅጣጫ ልዩነት ነው። ፍራንሲስ ክሪስቴንሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው የዓረፍተ ነገር ማስፋፊያ ዘዴ ዋናውን ሐሳብ መጀመሪያ አስቀምጦ ዝርዝሩን ከኋላ እየቀጠሉ በመሄድ ላይ የቆመ ነው። ለእንግሊዝኛ የተመቸ ነው፤ ባለቤቱና ግሱ አስቀድመው ስለተነገሩ አንባቢው የቀረውን ተረጋግቶ ይቀበላል። አማርኛ ግን የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው። ግሱን «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለን የጠራነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከታሰረ በኋላ የሚጨመር የለም። በሐረግም ደረጃ ስሙ መጨረሻ ይመጣል፤ ጭማሪው ሁሉ ከፊቱ ይደረደራል። የሚደንቀው ደግሞ ትምህርቱን የምናስተምርባቸው ቃላት ራሳቸው በተቃራኒው መሠራታቸው ነው፤ «ዓረፍተ ነገር»፣ «ተውላጠ ስም»፣ «ሥነ ጽሑፍ» ሁሉም ከግዕዝ የተወረሱ ናቸውና መሪያቸውን ያስቀድማሉ። በተለምዶ በሚሰጠው ፍቺ ዓረፍተ ነገር ማለት የነገር ማረፊያ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚያርፈው ግሱ ላይ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል።

ጠርዝ ላይ የሚሆነው

አሁን ወደ ጀበናው እንመለስ። የልጁን የመጀመሪያ አራት ዓረፍተ ነገሮች ወደ አንድ ሐረግ ስናመጣቸው «አፉ የተሸረፈው ትልቅ ጥቁር የሸክላ ጀበና» እናገኛለን። ይህን መሥራት ከባድ አይደለም፤ አብዛኛው ተማሪ በሁለት ወይም በሦስት ሙከራ ይደርስበታል። የቅደም ተከተሉ ስሜትም አብሮት አለ፤ «የሸክላ ጥቁር ትልቅ ጀበና» ብታነቡለት ይስቃል እንጂ ሕግ አይጠይቃችሁም።

ፈተናው የሚመጣው ሐረጉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስናስገባው ነው። ሐረጉ ባለቤት ሲሆን፦

አፉ የተሸረፈው ጥቁር ጀበና ወደቀ።

ተሳቢ ሲሆን፦

አፉ የተሸረፈውን ጥቁር ጀበና አመጣች።

መስተዋድድ ሲገባበት፦

አፉ ከተሸረፈው ጥቁር ጀበና ቀዳች።

ሦስቱን ጎን ለጎን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዝም ማለት፣ ልጆቹ ራሳቸው ምን እንደ ተለወጠ እስኪያዩ መጠበቅ ይገባል። «ጀበና» ሦስቱም ላይ አልተነካም። የእምርነት ምልክቱ፣ ማለትም ዕቃው የታወቀ መሆኑን የሚናገረው «ው»፣ ስሙን ትቶ ከፊት ባለው ገላጭ ላይ ወጥቷል። «ን» ተከትሎት ሄዷል። «ከ» ደግሞ የሐረጉን የመጀመሪያ ቃል አልያዘም፤ «አፉ»ን ዘልሎ ጥገኛው ግስ ላይ ወጣ፤ ሲወጣም «የ»ን አስለቀቀው። «ከየተሸረፈው» የሚል አማርኛ የለም።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ከአፉ የተሸረፈው ጥቁር ጀበና ቀዳች» ብለው ይጽፋሉ፤ መስተዋድድ የሐረግ መጀመሪያ ላይ ይገባል የሚለውን ሕግ በቅንነት ተከትለው ማለት ነው። «ከትልቁ ጀበና» ትክክል ሆኖ ሳለ «ከአፉ የተሸረፈው» ለምን እንደማይሆን ያስረዳቸው ሰው የለም። አሁን «ከአፉ» የሚለው ከግሱ ጋር ተጣብቆ ጀበናው የት ላይ እንደ ተሸረፈ ይነግረናል እንጂ፣ ቡናው ከየት እንደ ተቀዳ አይነግረንም። ቡናው የተቀዳበት ጠፋ። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ «ቡናው ከየት ተቀዳ?» ብሎ ልጁን ራሱን መጠየቅ ይበልጣል፤ ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ አንብቦ መልሱን ሲያጣ ይገባዋል።

ሌላው በዝምታ የሚታለፈው «በት» ነው። «አያቴ በጀበናው ቡና ታፈላለች» የሚለውን ወደ ገላጭነት ስናዞረው «አያቴ ቡና የምታፈላበት ጀበና» ይሆናል። ግሱ መስተዋድዱን በጉያው ይዞ ይሄዳል። ልጆች ግን «የተቀመጥኩበት ወንበር» ማለት ሲገባቸው «የተቀመጥኩት ወንበር»፣ «የምንማርበት ክፍል» ማለት ሲገባቸው «የምንማረው ክፍል» ብለው ይጽፋሉ። የምንማረው ትምህርቱን ነው፤ ክፍሉን አይደለም። በንግግር የቦታና የእጅ ምልክት ይረዳቸዋል፤ በጽሑፍ ግን ያቺ «በት» ከጠፋች የሚጠብቃት የለም። እኔ ለዚህ አንድ ሙሉ ሳምንት መስጠት አይበዛም ባይ ነኝ።

ዘርፍ ሲገባ ደግሞ የ«የ» ቦታ ትርጉሙን ይወስናል። «የአዲሱ መምህር መኪና» እና «አዲሱ የመምህሩ መኪና» በቃላት ረገድ አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ አንዱ ግን ስለ አዲስ መምህር፣ ሌላው ስለ አዲስ መኪና ነው። ተሳቢ ስናደርጋቸው የመጀመሪያው «የአዲሱን መምህር መኪና አየሁ» ይሆናል፤ «ን» የመኪናውን ተሳቢነት የምትናገረው መምህሩን በሚገልጸው ቅጽል ላይ ተቀምጣ ነው። ይህን በየቀኑ ሳይሳሳቱ የሚናገሩ ልጆች ምን ያህል ረቂቅ ነገር እንደሚያውቁ ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ሊነገራቸው ይገባል።

«የትኛው?» ብሎ መጀመር

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር መሣሪያ በሌለበት፣ ይህን እንዴት እናስተምር? እኔ የደረስኩበት መነሻ ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ግለጹ» ስንል ተማሪው የሚያስታውሰውን ቅጽል ሁሉ ይደረድራል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የሁለተኛ ዓመት ልጆች የተስፋፋ ስማዊ ሐረግ እንዲጽፉ ይጠይቃል፤ ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ገላጭ መጨመሩ ራሱ ግብ ከሆነ ልጁ ቅጽል መቁጠር ይማራል። «የትኛው?» ስንል ግን ተማሪው ይመርጣል። ስማዊ ሐረግ በተፈጥሮው ይህንን ጥያቄ የሚመልስ ነው።

ስለዚህ ከየቤቱ አራት ወይም አምስት ጀበና ይሰበሰባል፤ ጀበና ካልተገኘ የተማሪዎቹ ቦርሳ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። አንድ ተማሪ አንዱን በልቡ ይመርጥና፣ ሳይጠቁም፣ በአንድ ሐረግ ብቻ ለክፍሉ ያስታውቃል። «ጥቁሩ ጀበና» ካለ ክፍሉ «የትኛው ጥቁር?» ይለዋል። «አንገተ ረጅሙ ጥቁር ጀበና»፤ «ሁለት ናቸው፤ የትኛው?»፤ «ማቶት ላይ የተቀመጠው አንገተ ረጅም ጥቁር ጀበና።» ተገኘ። ሐረጉ የረዘመው መምህር ስላዘዘ ሳይሆን አጫጭሩ ስላልበቃ ነው። ልጆቹ በቃል የሠሩትን ወዲያው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሐረጉን ባለቤት፣ ተሳቢና የመስተዋድድ ማረፊያ እያደረጉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሠሩበታል። ጠርዙን የሚለማመዱት በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምሄደው ወደ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ብሎ ያደገ ልጅ ገላጩን ሁሉ ሰምቶ ስሙን መጠበቅን ለምዷል፤ ካልመለሰም አገር መስጠት እንዳለበት ያውቃል። እንቆቅልሽ መሪው የተደበቀ ስማዊ ሐረግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ተማሪዎች የራሳቸውን እንዲፈጥሩ ሳዝዝ አንዲት ልጅ «ሆዷን እሳት እየጠበሳት አንገቷን ቀና ያደረገች» ብላ ስለ ጀበና ጻፈች። ከዚያ «ጀበና» የሚለውን ቃል መጨረሻው ላይ ጨምሩ ስላቸው፣ እንቆቅልሹ ወደ ገለጻ ተለወጠ።

የልጅቷን ጽሑፍ ልብ ብላችሁ ከሆነ ጀበናውን በሴት ጾታ ነው የጠራችው። ይህ ሌላ መግለጫ ነው፤ ቅጽልም አይጠይቅም። «ትልቁ ጀበና» ባለበት ቤት «ትንሿ ጀበና» ስንል መጠኗን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ርኅራኄ እንሰማለን። «አሮጌው ቤት» ይፈርሳል፤ «አሮጌዋ ቤት» ትናፍቃለች። በመማሪያ መጻሕፍት ይህ ጉዳይ በጾታ ምዕራፍ ሥር ይታለፋል እንጂ በገለጻ ትምህርት ውስጥ አይገባም፤ መግባት ነበረበት። ብዙ ቁጥሩም እንዲሁ ነው። «ጥቋቁር»፣ «ረጃጅም»፣ «አዳዲስ» የሚሉት ድግግሞሾች ለጆሮ የሚሰጡት ብዛት ከቁጥሩ በላይ ነው።

ሸክሙ ሲበዛ

ተማሪ ማስፋፋትን ሲማር ያበዛል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ ልንደነግጥ አይገባም። ግን መልሶ መቀነስን ካላስተማርነው ወደ ቢሮ ደብዳቤ አማርኛ እንገፋዋለን። የሚከተለውን እንይ፦

ከእናቷ የወረሰችው አያቴ በየቀኑ ጠዋት ቡና የምታፈላበት አፉ የተሸረፈው ጥቁር የሸክላ ጀበና ትናንት ተሰበረ።

በሰዋስው አያስወቅስም፤ አንባቢ ግን ይሰናከላል። «ከእናቷ የወረሰችው አያቴ» የሚለውን እንደ አንድ ሐረግ አንብቦ፣ ወርሳ የመጣችው አያቱ ናት ብሎ ይሄዳል፤ ከስምንት ቃላት በኋላ «ጀበና» ሲመጣ የተወረሰው እሱ መሆኑን ተረድቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገላጭ መሪውን ስለሚቀድም፣ አንባቢ ቀድሞ ያገኘውን ስም መሪ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ የሁለት ጥገኛ ሐረጎች ጎረቤትነት፣ በተለይ በመካከላቸው የራሱ ስም ያለው ሲሆን፣ አደገኛ ነው። ነጠላ ሰረዝ ይረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አያድንም።

መፍትሔው ከሐረጉ አንዳንዱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው፦

አያቴ ከእናቷ የወረሰችው ጀበና ትናንት ተሰበረ። አፉ ከተሸረፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን በየቀኑ ጠዋት የምታፈላው በሱ ነበር።

አንዱ ገላጭ ሐረጉ ውስጥ ቀረ፤ ሁለቱ ራሳቸውን ቻሉ፤ «ጥቁር» እና «የሸክላ» ወጡ። አማርኛ ለዚህ ሌላም መንገድ አለው፤ ቦዝ አንቀጽ። «ጀበናውን ከምድጃው አውርዳ፣ ማቶቱ ላይ አስቀምጣ፣ እስኪሰክን ጠብቃ ቀዳች» ስንል ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ አንባቢው ግን አይደክምም፤ እያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ ትንሽ ያሳርፈዋል። ዕቃን ለይቶ ለማሳወቅ ስማዊ ሐረግ፣ ድርጊትን ለማስከተል ቦዝ አንቀጽ ይሻላል። ተማሪ አንዱን ብቻ ይዞ ከሄደ ወይ ስሙ ይከብድበታል፣ ወይ ትረካው መቆሚያ ያጣል።

ሌላ ቋንቋ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ

እስካሁን ያልኩት አማርኛ በአፉ ለፈታ ልጅ ነው። በአፋን ኦሮሞ ቅጽሉም ቁጥሩም ጥገኛ ሐረጉም ከስሙ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻው ለሆነ፣ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ተማሪ ስሙን መጨረሻ ማምጣት ራሱ አዲስ ልምድ ነው። ለእሱ የጆሮ ስሜት ላይ መተማመን አይቻልም፤ ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በእጁ እያንቀሳቀሰ እንዲደረድር ማድረግ ይጠቅመዋል። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ጽፎ ማነጻጸር ደግሞ ልጁ የሚያውቀውን ያከብርለታል፤ ቋንቋው የተሳሳተ ሳይሆን የተለየ አቅጣጫ ያለው መሆኑን ያያል።

በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ተወልደው አማርኛን ከቤት ለሚሰሙ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። እንግሊዝኛም ዕብራይስጥም ጥገኛ ሐረጉን ከስሙ በኋላ ያስከትላሉ። ልጁ በዚያ ልማድ «ልጁ የመጣው ትናንት» ቢል «ትናንት የመጣው ልጅ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ሰሚ ግን «ነው» ይጎድላል ብሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይጠብቃል። የቅዳሜና እሑድ የቋንቋ ክፍሎች ፊደልን ካስቆጠሩ በኋላ ቶሎ ሊሄዱበት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

የጀበናውን ልጅ ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁት ከብዙ ልምምድ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ክለሳ ያወቀውን ገላጭ ሁሉ ደርድሮበት ነበር። በመጨረሻው ላይ ግን የቀረው ይህ ብቻ ነው፦ «አያቴ ቡና የምታፈላው አፉ በተሸረፈው ጀበና ነው።» «በ»ን የት እንዳስቀመጣት አይቼ ደስ አለኝ። ትልቁ፣ ጥቁሩና ሸክላው ግን የሉም። ለምን እንዳወጣቸው ጠየቅሁት።

«መምህር፣ ጀበና ሁሉ ጥቁር አይደል?» አለኝ።